ለሌለብህ ጨለማ አትክፈል

ምን ይሻላል? የሳምንቱ ደብዳቤና መልሱ

ለዚህ ዓምድ ከሚጎርፉት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የልብ ጉዳይ ናቸው። ተከዳሁ፣ ተናቅሁ፣ ልጠብቅ ወይስ ልተው የሚሉ። የዛሬውም ከልብ ጉዳይ አላመለጠም። ግን በውስጡ እቁብ አለ፣ የገና ጨዋታ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የካሜራ ሌንስ አለ። መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለን ሳቅን። ደግመን ስናነበው ግን ሳቃችን ቆመ። እስቲ እናንተም አንብቡትና ፍረዱ። እንደተለመደው የባለጉዳዩን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥተን ነው ያቀረብነው።

«በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ትርፍ ሰዓቴን የማሳልፈው ፎቶ በማንሳት ነው። ያለኝ ካሜራ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ሲሆን፣ አብሮት ከመጣው 18-55 ሌንስ በስተቀር ሌላ ሌንስ የለኝም።

አባቴ በወጣትነቱ የታወቀ የገና ተጫዋች ነበር። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ ሲገጠም እሱ ያለበት ወገን አይሸነፍም ነበር ይሉኛል። አሁን 70 ዓመት አልፎታል፤ ዓይኑም ደክሟል። በሕይወቱ ያለው ፎቶ መታወቂያው ላይ የተለጠፈው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለመጪው ገና ታናሽ ወንድሜና የአጎቶቼ ልጆች ይጫወታሉ፤ አባቴም እንደ ልማዱ ሜዳው ዳር ተቀምጦ ያያል። ሦስት ገና አምልጦኛል። ይህኛው እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ችግሬ ሌንሱ ነው። የገና ጨዋታ እንዴት እንደሚነሳ የሚያስተምር ባጣ፣ ይመስለዋል ብዬ የበረዶ ሆኪ እንዴት እንደሚነሳ አጠናሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ 70-200 ኤፍ 2.8 ካልያዝክ አትድከም። የዚህ ሌንስ ዋጋ የሁለት ዓመት እቁቤን ጠራርጎ ይወስዳል። እቁቡ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ከእጮኛዬ ጋር ለቤት ኪራይ ቅድሚያና ለሠርጋችን ያሰብነው ብር ነው። ሌንስ ልገዛበት መወሰኔን ስነግራት «ወይ እኔን ወይ ሌንሱን ምረጥ» አለችኝ። ስልኬን ካላነሳች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። እኔ ደግሞ የሚመጣው ዓመት አባቴን ላላገኘው እችላለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባካችሁ ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ»

ወንድማችን ግራ የገባህ፣ ሰላምታህ ደርሶናል። ለእኛ ሦስት ነገር ነው የጻፍክልን፤ ሌንስ፣ እጮኛ፣ አባት። በሌንሱ እንጀምር። ለምን ብትል፣ የሌንሱ ጉዳይ ከተፈታ የሌላው ግማሹ አብሮ ይፈታል።

መልሱ ልክ ነው፣ ጥያቄው ግን ያንተ አይደለም

ሆኪ አንሺዎቹ አልዋሹህም። ለእነሱ ሥራ 70-200 ኤፍ 2.8 በእርግጥም ዋናው ሌንስ ነው። ግን ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል?

የበረዶ ሆኪ በብዛት የሚካሄደው ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሜዳው 60 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ26 እስከ 30 ሜትር ስፋት ያለው በረዶ ነው። ዙሪያውን በእንጨትና በመስተዋት ታጥሯል። ትልልቆቹ አዳራሾች ውስጥ ፎቶ አንሺው ሌንሱን የሚያሾልክበት ትንሽ ቀዳዳ በመስተዋቱ ላይ ይበጅለታል። ተጫዋቹ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚመታት ክብ ጎማ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ልትከንፍ ትችላለች። ይህን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት የካሜራው በር ለ1/1000 ሰከንድ ብቻ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ብርሃኑ ደግሞ የፀሐይ ሳይሆን የአምፖል ነው። በዚያች ቅጽበት በቂ ብርሃን ለማስገባት ዓይኑ ሰፊ የሆነ ሌንስ ግድ ይላል።

ኤፍ 2.8፣ ኤፍ 5.6 የሚባለው የሌንሱ ዓይን ስፋት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ዓይኑ ይሰፋል። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ለዚህ ትልቅ መስተዋት ያስፈልጋል፤ መስተዋቱ ሲተልቅ ክብደቱም ዋጋውም ይከተላል። 70-200 ኤፍ 2.8 አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ያን ሁሉ ብር የምትከፍለው ለምን እንደሆነ ገባህ? ለጨለማው ነው።

አሁን ወደ ሜዳህ ተመለስ። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ፀሐዩ ምን ያህል ዓይን እንደሚወጋ ላንተ አይነገርም። ጣሪያ የለ፣ መስተዋት የለ፣ አምፖል የለ።

በፊልም ዘመን የነበሩ ፎቶ አንሺዎች አንድ የቃል ሕግ ነበራቸው። ፀሐይ በደንብ በወጣችበት ዓይኑን ኤፍ 16 ላይ አድርግ፣ የበሩን ፍጥነት ደግሞ ከፊልሙ ቁጥር ጋር አስተካክል፤ ፊልሙ 200 ከሆነ 1/200 ሰከንድ። ዛሬም ይሠራል። የካሜራህን አይ.ኤስ.ኦ. 200 ላይ አድርገህ የሌንሱን ዓይን ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 5.6 ብትከፍተው ብርሃኑ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሩን ስምንት ጊዜ ታፈጥነዋለህ፤ 1/1600 ሰከንድ ማለት ነው። ልብ በል፤ ሆኪ አንሺው በውድ ሌንስ፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን እስከ 3200 ድረስ እየሰቀለ የሚለምነውን ፍጥነት አንተ በርካሽ ሌንስ በነፃ ታገኘዋለህ። ቀሪውን የምትከፍልልህ ፀሐይ ናት።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ለሌለብህ ጨለማ አትክፈል።

ታዲያ የትኛውን ሌንስ?

ላንተ ካሜራ የሚስማማው ካኖን ራሱ የሠራው 55-250 የተባለው ሌንስ ነው። ዓይኑ ሰፋ ሲል ኤፍ 4፣ ወደ ሩቅ ሲሳብ ኤፍ 5.6 ነው። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገትህ ላይ ቢውል አያጎብጥህም። ያገለገለው በብዛት ይገኛል፤ ዋጋውም ከዚያኛው ጋር ሲተያይ የሩቅ ዘመድ እንኳ አይሆንም።

«250 ሚሊ ይበቃኛል ወይ?» ትለን ይሆናል። ያንተ ካሜራ ሴንሰር ከድሮው የፊልም መጠን ያነሰ ስለሆነ የምታየው ሁሉ 1.6 ጊዜ የቀረበ ይመስላል። ስለዚህ 250ው በትልቁ ሴንሰር ላይ እንደ 400 ሚሊ ሌንስ ያሳይሃል።

ርቀቱን በስሌት ከፈለግከው እንዲህ ነው። ባንተ ካሜራ፣ በ200 ሚሊ፣ 40 ሜትር ላይ ያለውን ስታይ ፎቶህ ውስጥ የሚገባው ወርዱ 4 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ነው። አንድ ቆሞ የሚመታ ተጫዋች ከነዱላው ሞልቶ ይታይሃል። በ50 ሚሊ ይህንኑ ለማግኘት 10 ሜትር ድረስ መጠጋት አለብህ፤ በ250 ደግሞ 50 ሜትር ላይ መቆም ይበቃል። ሚሊውን ለአምስት ስታካፍል ስንት ሜትር ላይ መቆም እንዳለብህ ይነግርሃል ማለት ነው። ይህቺን በቃልህ ያዛት። ሜዳው ላይ ስትደርስ በርምጃህ ለካ፣ ከዚያ በኋላ ሌንሱ ራሱ ይመልስልሃል።

እውነቱን ለመናገር ኤፍ 2.8 በሜዳም ጥቅም የለውም አንልም። ከተጫዋቹ ኋላ ያለውን ሕዝብ ጭጋግ አስመስሎ ያደበዝዛል፤ ፎከሱም ብዙውን ጊዜ ፈጣን ነው፤ አመሻሽ ላይም ያግዛል። ግን ጨዋታው ሞቅ የሚለው ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ከሆነ የሚቀርብህ ነገር ትንሽ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አይ.ኤስ.ኦ.ውን ወደ 1600 ብታወጣው ካሜራህ ይችለዋል። አይ፣ 2.8 ካልያዝኩ ነፍሴ አትረጋም ካልክ ደግሞ ተከራየው። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች እርስ በርስ ይከራያያሉ፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን ዋስ አስይዘህ ትወስዳለህ። የሁለት ዓመት እቁብ ለአንድ ቀን ዓውደ ዓመት ግን ምን ማለት ነው?

ሌንስ ከመግዛትህ በፊት መቆሚያህን እወቅ

የራሴን ጉድ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ወዳጄን ለምኜ 300 ሚሊ ሌንስ ተዋስኩና የእግር ኳስ ግጥሚያ ላነሳ ወጣሁ። ትከሻዬ እስኪዝል ይዤው ዋልኩ። በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ገባ። ያገባው ልጅ በደስታ እየጮኸ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ሮጠ። መጣ፣ መጣ፣ በጣም ቀረበ፤ ሌንሱ ግን ከዚያ ቅርበት ማየት አይችልም። ቤቴ ገብቼ ሳየው በፎቶው ላይ ያለው የማልያው ቁጥር ግማሽ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የተማርኩት፣ ሌንስ የሚመረጠው ከቆምክበት ተነስቶ ነው።

በበረዶ ሆኪ ታሪክ እጅግ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1970 ቦስተን ውስጥ የተነሳው ነው። ቦቢ ኦር የተባለው ተጫዋች የዋንጫዋን ጎል አግብቶ፣ ተጠልፎ፣ እንደ አሞራ በአየር ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ያነሳው ሬይ ሉሲየር የተባለ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነው። እንደሚተረከው ሌላ ፎቶ አንሺ ቢራ ልጠጣ ብሎ በርጩማውን ትቶ ሲሄድ ሉሲየር ቁጭ አለበት፤ ጎሉም እዚያው ፊቱ ገባ። ጥሩ ሌንስ የያዙ ሌሎችም ነበሩ። ቦታውን ያገኘው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ አንተም መቆሚያህን አስብ። አንደኛ፣ ፀሐዩ ከጀርባህ ወይም ከጎንህ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሩር ወደምትነዳበት ጫፍ ሂድ። ከጎን ሆነህ ካነሳህ የምታገኘው ጀርባና ክንድ ነው፤ ከጫፍ ሆነህ ስትጠብቃቸው ግን ፊታቸው ወደ አንተ ይመጣል። ሦስተኛ፣ በአንድ ጉልበትህ ተንበርከክ። ከታች ሲነሱ ልጆቹ ራሳቸው ከሰማዩ ጋር ይለያል፤ ሲዘሉም ዝላያቸው ይታያል።

አራተኛውን ጠበቅ አድርገን እንነግርሃለን። የአገር ቤት ገና የተሰመረ መሥመር የለውም፤ ጨዋታው ወደ ተመልካቹ ሊገለበጥ ይችላል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው እኮ ያለ ነገር አይደለም፤ ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ የዚያን ዕለት ቂም የለም። ዱላውና ሩሯ ግን ለካሜራም ለጥርስም አይራሩም። አንድ ዓይንህ ካሜራው ውስጥ ሲሆን ሌላውን አትጨፍነው። አንድ ቀልጣፋ ልጅ አጠገብህ አቁምና «መጡብህ!» ሲልህ ተነስ። ራቅ ብሎ ማንሳት የሚያስችል ሌንስ እንድትይዝ የመከርንህም በከፊል ለዚህ ነው።

ነጭ ልብስና አቧራ

ከሆኪዎቹ ግን አንድ ነገር ተማር። በረዶው ነጭ ስለሆነ ካሜራው ይታለላል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ስለዚህ እነሱ ብርሃኑን ሆን ብለው ከፍ ያደርጋሉ። አንተ ጋ በረዶ የለም፤ ጋቢ፣ ነጠላና ቀሚስ ግን ሜዳውን ከቦታል። ካሜራህ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልግና ሕዝቡ ነጭ በነጭ በሆነበት አቅጣጫ ስታነሳ ከ2/3 እስከ 1 ደምር። ካላደረግክ ጋቢው አመድ ይመስላል፣ የሰዉም ፊት ይጠቁራል። ከዚያ ወዲያ ግን አትደምር፤ የጋቢው ጥለት ጠፍቶ ወረቀት ይሆናል።

ፎከሱን ተንቀሳቃሽ ወደሚከተለው፣ ኤአይ ሰርቮ ወደሚባለው ምረጥ። በተከታታይ ማንሻውም ላይ አድርገው፤ ካሜራህ በሰከንድ 5 ፎቶ ያነሳል። ሌንሱ ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ያንተን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አያቆምልህም፤ እሱን የሚያቆመው የበሩ ፍጥነት ነው። ከ1/1000 አትውረድ።

አቧራው ሌላ ጠላት ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይር፤ የካሜራው ሆድ ተከፍቶ አቧራ ከገባ ፎቶህ ሁሉ ነጠብጣብ ያወጣል። ጠዋት ቤት ውስጥ 55-250ውን ግጠም፣ ማታ ቤት ስትመለስ ፍታ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽና አንድ ፌስታል ኪስህ ውስጥ ይኑሩ።

ደግሞም ዝም ብለህ አትሂድ። ከመሄድህ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት እሑዶች ሰፈርህ ውስጥ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በ9 ሰዓት ውጣና ተለማመድ። ያልለመድከውን ሌንስ በዓውደ ዓመት ቀን አይፈቱትም።

ያገለገለ ስትገዛ ተጠንቀቅ

ሻጭ ሲያሞግስ ዕቃ አይናገርም። ስለዚህ ካሜራህን ይዘህ ሂድና እዚያው ግጠመው። የሌንሱ መግጠሚያ ላንተ ካሜራ የተሠራ መሆኑን እይ፤ ካኖን መስታወት አልባ ለሆኑት አዳዲስ ካሜራዎቹ የሠራቸው ሌንሶች ባንተው ላይ አይገጥሙም። የስልክህን ባትሪ ከበስተኋላው አብርተህ በፊት ለፊቱ እይ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየህ ሻጋታ ነውና ተወው። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን አያስደንግጥህ። ዙሙን እስከ ጫፍ አዙረው፤ መንቀርፈፍ ወይም መንኳኳት የለበትም። ቅርብም ሩቅም ፎከስ አድርገህ ሞክር። ከ55 እስከ 250 በየቦታው አንሳና አራቱን ማዕዘን አጉልተህ ተመልከት። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ሁሉ እንድታደርግ የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ውጣ።

ስለ መንገዱም አንድ ቃል። ደጀን ላይ ከደብረ ማርቆስ ተገንጥለህ ወደ ቢቸና የሚወስደውን ጎዳና ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋም አይጠፋህም። ከመነሳትህ በፊት ደውለህ ጠይቅ፤ አትምጣ ካሉህ አትሂድ። ለአባትህ ከፎቶው አንተ ትበልጥበታለህ። ከደረስክም ሜዳ ከመውጣትህ በፊት ሽማግሌዎቹን አስፈቅድ፣ የታጠቀ ሰው ላይ ካሜራ አታዙር። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል።

አሁን ወደ እጮኛህ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ልብ ብለን ስናነበው «መወሰኔን ስነግራት» ነው ያልከው። ሳማክራት አላልክም። ነገሩ ያለው እዚህች ላይ ነው። ልጅቷ የተቆጣችው በሌንሱ አይመስለንም፤ በአባትህማ በፍጹም። ለሁለታችሁ የተባለውን ብር ብቻህን ስትወስን «ነገስ ምን ይሆናል?» ብላ ፈራች። ብትፈራ አይፈረድባትም። ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ሲጣል የቆየው ከቡናውም ከሽርሽሩም ተቀንሶ ነው፤ የቀነሰችው ደግሞ አብራህ ነው።

ስለዚህ ስልክ መደወሉን ተውና በአካል ሂድ። ሌንሱን ግን ይዘህ እንዳትሄድ! መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ ስሌቱን አሳያት፤ ያሰብኩት ያ ነበር፣ አሁን የሚያስፈልገኝ ይህቺ ብቻ ናት በላት። እቁቡ ሳይነካ ከወር ደመወዝህ በሁለትና በሦስት ወር የሚሸፈን ከሆነ ሳትበደርም ትገዛዋለህ። ከዚያ ስለ ጉርድ ፎቶው ንገራት። እስካሁን ስለ ሌንሱ እንጂ ስለ አባትህ የነገርካት አይመስለንም። «ወይ እኔን ወይ ሌንሱን» ያለች ልጅ «የአባቴ ሌላ ፎቶ የለውም» የሚለውን ብትሰማ እንዲህ የምትል አይመስለንም። ብንሳሳት ደግመህ ጻፍልን።

በመጨረሻም ስለ አባትህ

የሚሮጡትን ልጆች አንሳ፤ ደስ ይላል፣ ወንድምህም ይኮራል። ግን ሂሳብህን አስተካክል። አንተ ያን ሁሉ መንገድ የምትሄደው ለሩሯ ነው ወይስ ለአባትህ? አባትህ አይሮጥም። እሱን ለማንሳት 1/1000 ሰከንድ አያስፈልግህም፣ 200 ሚሊም አያስፈልግህም። ያው 55-250 ሌንስህ 55 ላይ ሲሆን፣ ከ10 ሜትር ገደማ አባትህን ከነጋቢው፣ ከነተቀመጠበት ድንጋይ፣ ከጎኑ ከተቀመጡት ባልንጀሮቹ ጋር ያገባልሃል። ፊቱን ብቻ ከፈለግክ እዚያው ቆመህ ሳበው።

አንድ ዘዴ እንንገርህ። ጎል ሲገባ ሰው ሁሉ፣ ካሜራ የያዘው ሁሉ ወደ ጎሉ ይዞራል። አንተ ያን ጊዜ ወደ አባትህ ዙር። ዓይኑ ቢደክምም ጩኸቱን ይሰማል፤ ማን እንደመታት ይጠይቃል፤ ልጄ ናት ያገባት ወይስ የነእገሌ ልጅ ይላል። እጁ ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ዱላ የያዘ እጅ ሃምሳ ዓመት ቢያልፈውም አይረሳም። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ የወንድምህን ዱላ ተቀብለህ «አባዬ፣ እንዴት ነበር የምትመቱት?» በለው። እሱ ሲያሳይ አንተ አንሳ። «ቁሙ፣ ወደዚህ እዩ» እንዳትለው፤ እንዲያ ካልከው ያው ጉርድ ፎቶው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው። ፎቶውን አሳትመው። ስልክህ ላይ ብታሳየው ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ያያል? ብልጭ የሚል ነገር ብቻ። ያንተ ካሜራ 18 ሜጋ ፒክስል ነው፤ 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌንሱን በመተው ካተረፍከው ብር ላይ ጥቂቱን ለዚህ አውጣ። ትልቅ አድርገህ አሳትመውና በፍሬም አስገብተህ ላክለት። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ጠጋ ብሎ እንዲያየው። «ይሄ እኔ ነኝ?» ይበል። የጎረቤት ሽማግሌ ሲመጣም «እንዲህ ነበር የምመታት» ብሎ ያሳይበት።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ከእንግዲህ ግራ የገባህ አትባል። ሌንሱ ርካሹ ነው፣ እቁቡ የሁለታችሁ ነው፣ ፀሐዩ የእግዜር ነው። እጮኛህን ዛሬውኑ ሂድና አናግራት። ፎቶው ሲደርስልህ አንዱን ለእኛም ላክልን፤ ስምህን ሳንጠቅስ እናወጣዋለን።

አንባቢዎቻችንም «ምን ይሻላል?» የምትሉት ካላችሁ ጻፉልን። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!